አባቴ የሆድ ኦፕራሲዮን ተደርገው ትንፋሻቸው አጥሯል፤ የቪአር መነጽር ይረዳቸው ይሆን?

የመንዟ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፈው። በደንብ ከተኛሁ ሳምንት ስላለፈኝ ጽሑፌ ቢዘበራረቅ ታገሱኝ።

አባቴ 64 ዓመታቸው ነው። ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ገበሬ ናቸው። በቀደም አውድማ ላይ ገብስ ሲወቁ ውለው ማታ ሆዳቸው ተነፋ። ፈስም ሰገራም የለም። ሲያቃስቱ አድረው ጠዋት በመኪና አመጣናቸው፤ ሐኪሞቹ አንጀታቸው ተጠማዟል አሉና በዚያው ቀን ሆዳቸው ተከፈተ። የተጠማዘዘውን ቆርጠው ጤነኛውን ከጤነኛው አገናኙት። ከእምብርታቸው በላይ ተነስቶ ወደ ታች የሚወርድ ረጅም ስፌት ነው። መትረፋቸው ተመስገን ነው። በ7ኛው ቀን ወጥተን አሁን እኔ ቤት ናቸው፤ ዛሬ 9ኛ ቀናቸው።

ያስጨነቀኝ ትንፋሻቸው ነው። ጠጋ ብዬ ሳያቸው ደረታቸው ከላይ ከላይ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ሆዳቸው ጭራሽ ንቅንቅ አይልም። ሳል ሲመጣባቸው የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ጭነው ይውጡታል። ሽንት ቤት ደርሰው ሲመለሱ ሁለት ጊዜ ቆመው ያርፋሉ። «በረጅሙ ተንፍሱ አባባ» ስላቸው «ልጄ፣ ስፌቱ ይፈታል» ነው መልሳቸው። ሆስፒታል እያለን አንድ ሐኪም «በደንብ ይተንፍሱ» ብሎ አልፏል። እንዴት እንደሆነ ግን ያሳየን ሰው የለም። በሽተኛ በዝቶባቸው እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ፣ ቢሆንም ቅር ብሎኛል። አምስት ደቂቃ ነበር የሚፈጀው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ውጭ ያለው ወንድሜ አምና ሲመጣ ለልጄ ጌም መጫወቻ ብሎ የቪአር መነጽር (ዓይንን ሸፍኖ ሌላ ዓለም ውስጥ ያለህ የሚያስመስል) ትቶልን ሄዷል። ትናንት ደውሎ፣ በዚያ መነጽር የትንፋሽ ልምምድ የሚያሠራ ፕሮግራም አለ፣ በውጭ አገር ከኦፕራሲዮን በኋላ ለበሽተኞች ይሰጣል አለኝ። በረጅሙ ስትተነፍስ ፊት ለፊትህ ጀልባ ይሄዳል፣ ቅጠል ይበራል፣ እንደዚያ ያለ ነገር ነው። እኔ ግን ፈራሁ። ሆዱ የተሰፋ ሰው ላይ ዓይን ሸፍኖ ጌም ማስጫወት ልክ ነው? ትንፋሻቸውንስ እውነት ይመልስላቸዋል ወይስ ወንድሜ ከሩቅ ስለጨነቀው ነው? የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።

ፊዚዮ ከሰሜን ሸዋ፦

እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ በእንቅስቃሴና በትንፋሽ ልምምድ የማክም ማለት ነው፤ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ነው የምሠራው።

መነጽሩን ለዛሬ ከሳጥኑ አታውጪው። መጀመሪያ የአባትሽ ደረት ይደመጥ። በ9ኛው ቀን ትንፋሽ ማጠር የሕመም ፍርሃት ብቻ ሊሆን ይችላል። የሳምባ ምች ሊሆንም ይችላል። ከእግር ተነስቶ ሳምባ ውስጥ የተወተፈ የረጋ ደምም ሊሆን ይችላል። ይሄን እኔ በስልክ ልለይልሽ አልችልም። ነገ ጠዋት ውሰጃቸው። ትኩሳት ካላቸው፣ ደረታቸውን ከወጋቸው፣ አንድ እግራቸው ካበጠ ወይም ቁጭ ብለው እንኳ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሱ ነገን አትጠብቂ፣ አሁኑኑ ሂዱ።

የተቆረጠው ሆድ ነው፣ ሳምባ ምን አገባው ትይ ይሆናል። ከሳምባ ሥር ድያፍራም የሚባል እንደ ዣንጥላ የተወጠረ ጡንቻ አለ። አየር ስንስብ ወደ ታች ይወርድና ሆድን ገፋ ያደርጋል፤ የተኛ ሕፃን ሆድ ከፍ ዝቅ ሲል የምናየው ለዚህ ነው። ሆድ ሲቆስል ያ ጡንቻ ይሰንፋል። ሰውየውም ሕመሙን ፈርቶ ከደረቱ ጫፍ ብቻ ይተነፍሳል። አንቺ ያየሽው በትክክል ይሄንኑ ነው፣ ጥሩ ዓይን አለሽ። በዚያ ላይ ማደንዘዣው አለ፣ ቀኑን ሙሉ በጀርባ መተኛቱ አለ። የሳምባ ግርጌ ላይ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አየር ሲያጡ ይጣበቃሉ፣ አክታ እዚያው ይጠራቀማል፣ ምች የሚመጣው ከዚያ ነው። ቁስሉ ወደ ደረት በቀረበ ቁጥር ደግሞ ይብሳል።

ሐኪሙ ካያቸውና ይሥሩ ካለ፣ ልምምዱ እንዲህ ነው። የሕመም ማስታገሻቸውን ከዋጡ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ቆይተሽ ጀምሪ፤ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ነው። ሰው እያመመው በረጅሙ አይተነፍስም፣ ብትቆጪውም አይተነፍስም። ወንበር ላይ ቀና ብለው ይቀመጡ፣ እግራቸው መሬት ይንካ። አንድ እጃቸውን ከስፌቱ ራቅ አድርገው ከጎድናቸው ሥር ያሳርፉ። በአፍንጫቸው ቀስ ብለው ይሳቡ፣ እጃቸው ወደ ውጭ ገፋ እስኪል። ሲሞላ 3 ሴኮንድ ያህል ይያዙት። ከዚያ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈራቸውን አጥብበው ቀስ አድርገው ያስወጡት። እንዲህ 10 ጊዜ፣ ነቅተው ባሉበት በየሰዓቱ። በየመሐሉ ያሳርፏቸው፤ በጥድፊያ ከተደረገ ራስ ያዞራል። ሲጨርሱ ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ስፌቱ ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው እቅፍ ያድርጉና ሁለት ሦስት ጊዜ ይሳሉ። ሳል መዋጥ የለም። አክታው መውጣት አለበት።

ስፌቱ ይፈታል ለሚሉት፣ በረጅሙ መተንፈስ ስፌት አይፈታም በያቸው። ከባድ ማንሳት ነው የሚያሰጋው። ሳይደግፉ ተጨንቆ ማሳልና ሽንት ቤት ማማጥም ጥሩ አይደለም።

አሁን መነጽሩ። ወንድምሽ ያወራው ነገር አለ፣ ከራሱ አልፈጠረውም። በአሜሪካ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ከፈረንጆቹ 1990ዎቹ ጀምሮ እሳት ያቃጠላቸው ሰዎች ቁስላቸው ሲታከም ሌላ ዓለም፣ በኋላም የበረዶ ዓለም የሚያሳይ መነጽር እያደረጉላቸው ሕመሙ እንደሚቀልላቸው አይተዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። አእምሮ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ በደንብ መዋል አይችልም፤ ዓይኑና ጆሮው ሌላ ቦታ ሲሄዱ ቁስሉ የሚያገኘው ትኩረት ይቀንሳል። ሕመሙ ሲቀል ደግሞ ትንፋሹ ይረዝማል። ሌላው ጥቅሙ ትንፋሽን በዓይን ማሳየቱ ነው። «በደንብ ተንፍስ» የሚለው ቃል ለበሽተኛው ምንም አይነግረውም፤ ጀልባው ሲሄድ ግን ያያል።

ነገር ግን ሳምባን የሚከፍተው ትንፋሹ ነው። መነጽሩ የሚያደርገው ሰውየው እንዲተነፍስና ደግሞ ደጋግሞ እንዲተነፍስ መገፋፋት ነው። ሕመምና ጭንቀት በመቀነሱ ላይ ማስረጃው ጥሩ ነው፤ ከሆድ ኦፕራሲዮን በኋላ ሳምባን ከተለመደው ልምምድ በላይ ያድናል የሚለው ላይ ግን ገና ስስ ነው። ስለዚህ እንደ ተጨማሪ ቁጠሪው።

ልትሞክሪው ከሆነ፦ ቁጭ ብለው ብቻ፣ ቆመው በፍጹም። ማቅለሽለሽ ካለ አይደረግም፤ መነጽሩ ራሱ ያጥወለውላል፣ ማስመለስ ደግሞ ለስፌቱ መጥፎ ነው። የሚጥል በሽታ ካለባቸው አይሆንም። ከ5 ደቂቃ ጀምሪ፣ ከ10 አትለፊ። አብዛኞቹ መነጽሮች ግማሽ ኪሎ ገደማ ስለሚመዝኑ አንገት ይደክማል። ሆድ ላይ የሚታሰር ቀበቶ ካለው ስፌቱን እንዳይነካ። ፊት የሚነካውን ስፖንጁን ጥረጊው፣ ልጅሽ ሲጫወትበት የከረመ ዕቃ ነው። አንቺ ደግሞ አጠገባቸው ሁኚ፣ እጅሽ ትከሻቸው ላይ ይሁን።

የደብረ ሲናው፦

እኔ ባለፈው ዓመት በሐሞት ጠጠር ተከፍቻለሁ፣ በቀኝ ጎድኔ ሥር ነው ስፌቱ። አባትሽ ስፌቱ ይፈታል ያሉት ነገር እኔንም እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ማንም ሳይነግረኝ ሦስት ቀን ሙሉ ትንፋሼን ቆጥቤ ተኛሁ። በአራተኛው ቀን ትኩሳት መጣ። ሳምባ ምች ጀምሮሃል ተብዬ አንድ ሳምንት ተጨማሪ ተኛሁ፤ ለመድኃኒቱ ያወጣነውን ገንዘብ ሳስበው አሁንም ይቆጨኛል። ስለዚህ እህቴ ፍርሃትሽ ልክ ነው፣ አትናቂው።

እኔን የረዳኝ ሦስት ኳስ ያለው ፕላስቲክ ዕቃ ነው። አዲስ አበባ ያለች እህቴ ገዝታ ላከችልኝ። ቱቦውን አፍህ ውስጥ አድርገህ አየር ስትስብ ኳሶቹ ይነሳሉ፤ በየኳሱ ላይ 600፣ 900፣ 1200 የሚል ተጽፏል። መጀመሪያ እኔ እነፋበት ነበር። ምንም አይነሳም። ተበላሽቷል ብዬ ልጥለው ስል አንዲት ነርስ አይታኝ «ይሳባል እንጂ አይነፋም» አለችኝ። የመጀመሪያ ቀን አንዷ ኳስ እንኳ እዚያው ሥሯ ላይ ተንቀጥቅጣ ትመለስ ነበር። ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጣቷን እያጠፈች ትቆጥርልኛለች፣ ኳሷ ከፍ ብላ ካልቆየች ደግሞ አትቆጥርልኝም። በአምስተኛው ቀን ሁለተኛዋ ተነሳች። ያን ቀን ሁለታችንም አለቀስን።

ቪአሩንም አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ ስልክ የሚገባበት ርካሹን ዓይነት። ለእኔ አልሆነኝም። ምስሉ ሲዞር ሆዴ አብሮ ዞረና አወለቅኩት። ወንድምሽ የተወው ደህና ዕቃ ከሆነ ይለይ ይሆናል። ብቻ የማይንቀሳቀስ ቦታ ምረጪላቸው፤ የሚበር፣ የሚሮጥ ነገር ይቅርባቸው።

ፊዚዮ ከሰሜን ሸዋ፦

ወንድሜ ስላካፈልከን እግዜር ይስጥልኝ፤ የተናገርከው ብዙ ሰው ይጠቅማል። አንድ ነገር ልጨምር፣ ኳሱን ያላገኘ ሰው እንዳይጨነቅ። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ኮክሬን የተባለ የጥናቶች ግምገማ፣ ከላይኛው ሆድ ኦፕራሲዮን በኋላ የኳሱ ዕቃ ከተራው የጥልቅ ትንፋሽ ልምምድ እንደሚበልጥ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ አላገኘም። አንተን ያዳነህ ኳሱም፣ በተለይ ግን አጠገብህ ተቀምጣ የቆጠረችልህ ባለቤትህ ናት።

ጓንት ወይም ፊኛ ንፉ የሚባሉም አሉ። ሆድ ለተከፈተ ሰው እኔ አልወደውም። አጥብቆ መንፋት ሆድን ይጨንቃል። የምንፈልገው ሙሉ አድርጎ መሳቡን ነው።

የመንዟ፦

ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ። ወሰድኳቸው። ደረታቸው ተደመጠ፣ ራጅ ተነሱ፣ ደማቸውም ተመረመረ። ምችም የረጋ ደምም የለም፤ የሳምባቸው ግርጌ በሁለቱም በኩል አየር አጥቷል፣ በደንብ ይተንፍሱ፣ ይንቀሳቀሱ አሉን። የማስታገሻውንም ሰዓት አስተካከሉልን። ለካ አባባ «ዛሬስ ደህና ነኝ» እያሉ ክኒኑን ትራስ ሥር ያስቀምጡት ነበር። አራት ፍሬ አገኘሁ።

ትናንት መነጽሩን ሞከርን። ልንገራችሁ እንዴት እንደሆነ። ክኒኑን ከዋጡ በኋላ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ በርኖሳቸውን ከትከሻቸው ላይ ጣል አድርጌ፣ መነጽሩን አጠለቅኩላቸው። የመጀመሪያው ባሕር ነው። አባቴ በሕይወታቸው ባሕር አይተው አያውቁም። ወንበሩን በሁለት እጃቸው ጨምድደው «ውሃው መጣ!» አሉ፣ ትንፋሻቸውም ጭራሽ ተቆረጠ። ቶሎ አወለቅኩላቸው። ላብ ላብ ብሏቸው ነበር። በቃ አይሆንም ብዬ ልተወው ነበር።

ልጄ ግን ሌላ አለ አለኝ። ሜዳ ነው፣ ከፊት ዛፍ፣ ወዲያ ማዶ ተራራ። ሲስቡ ነፋሱ ይሰበሰባል፣ ቀስ ብለው ሲያስወጡ ማይኩ ትንፋሻቸውን ሰምቶ መሬት ላይ ያለውን ደረቅ ቅጠል ያነሳዋል። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ አንዴ ሳቡና አስወጡ። ቅጠሉ ተነሳ። «ይሄማ እብቅ ነው» አሉ። እንደ አውድማው ማለታቸው ነው። ገብስ ሲያዘሩ ነፋስ እስኪመጣ መንሻቸውን ይዘው ቆመው ይጠብቃሉ አይደል፣ እንደዚያ ሆኑ። ነፋሱን ጠብቀው ሳቡ፣ ያዙ፣ ለቀቁት። ከጎድናቸው ሥር ያደረግኩት እጄ ተገፋ። ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው፣ እጄ ሲገፋ የተሰማኝ። 8 ጊዜ ሠሩ። ከዚያ ራሳቸው አውልቀው «ትራሱን አምጪ» አሉና አቅፈው ሳሉ። ወፍራም አክታ ወጣ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ መብራት የለም፣ መነጽሩም ቻርጅ የለው። ያለ መነጽር «አባባ፣ እብቁን እናንሳው» አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው 10 ጊዜ ሠሩት።

ሲስተር ከሸዋ ሮቢት፦

እልልል! በጣም ደስ አለኝ። ነርስ ነኝ፣ ብዙ ዓመት ሰርጂካል ዎርድ፣ ኦፕራሲዮን የተደረጉ ሰዎች የሚተኙበት ክፍል ሠርቻለሁ። ያየሁትን ጥቂት ልበል።

ቤታችሁ ውስጥ ጭስ አለ? ደብረ ብርሃን በዚህ በታኅሣሥ ብርድ ሁሉም በሩን ዘግቶ ኩበት ወይም ከሰል ያነዳል። ለአባትሽ ሙቀት ያስፈልጋቸዋል፣ ልክ ነው። ግን ጭሱ ባለበት ክፍል ማታ ማታ ከተቀመጡ ቀን የሠሩትን ሳምባ ማታ ያጡታል። ከሰል በተዘጋ ቤት ደግሞ ሰው ይገድላል። ብርድ ልብስ ደርቢላቸው፣ ትኩስ ውሃ በጠርሙስ እግራቸው ሥር አድርጊ፣ ምድጃው ሌላ ክፍል ይሁን። ዘመድ ሊጠይቅ ሲመጣ ሆዳቸውን ያሙቅላቸው ብሎ አረቄ ይዞ ከመጣ አመስግነሽ ተቀበዪና አስቀምጪው። ከማስታገሻ ጋር አይሄድም።

ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ገዝተሽ ከሆነ፣ እጃቸው ቀዝቅዞ ሳለ አትለኪ። የቀዘቀዘ ጣት የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። አሻሽተሽ አሙቂና ትንሽ ቆይተሽ ቁጥሩ ሲረጋ ጻፊው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ቆላ ካለ ሰው ቁጥር ጋር አታወዳድሪ። የራሳቸውን የትናንቱን ከዛሬው ጋር ነው የምታስተያዪው፤ እየወረደ ከሄደ ወይም ከንፈራቸው ከጠቆረ ሐኪም ቤት ነው።

መነጽሩን ቀን ተኝተው ካልዋሉ ብቻ ስጪያቸው ነው የምለው። አንዳንድ ልጅ መነጽሩ አለ ብሎ አባቱን አልጋ ላይ ያስቀረዋል። ከምንም በላይ መነሳትና መራመድ ይጠቅማል። ዛሬ እስከ በር፣ ነገ እስከ አጥር።

የመንዟ፦

ሲስተር፣ ከሰሉን ዛሬውኑ ወደ ማድ ቤት አወጣሁት። እስከ አጥሩ ደርሰው ተመልሰዋል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያረፉት። ወደ አገራቸው መቼ እንደሚሄዱ ነው አሁን የሚነዘንዙኝ፣ አዝመራው አልተሰበሰበም። መንገዱ ያስፈራኛል።

ሲስተር ከሸዋ ሮቢት፦

ቀጠሯቸው ሳይደርስ አይሂዱ። ሲሄዱም ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚገባው መንገድ ሊያንገጫግጭ ስለሚችል ትራሱን ሆዳቸው ላይ አቅፈው፣ ከፊት ወንበር ይቀመጡ። መሐል ላይ አስቁማችሁ ይውረዱና ትንሽ ይራመዱ፣ እግር ታጥፎ ረጅም ሰዓት መቀመጡ ለደም መርጋት ጥሩ አይደለም። አዝመራውን ጎረቤት በደቦ ይሰብስብላቸው። ለ6 ሳምንት ያህል ነዶም ጆንያም አያነሱም፣ ሐኪማቸው ከዚያም ያርዝመው ይሆናል።

ልጅ ከአንኮበር፦

ይቅርታ በሰው ጥያቄ ላይ ገባሁ። እናቴ በጥር ለሆድ ኦፕራሲዮን ቀጠሮ አላት። ይሄ የትንፋሽ ልምምድ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ቢጀመር ይጠቅማል? መነጽር ግን የለንም።

ፊዚዮ ከሰሜን ሸዋ፦

እንኳን ጠየቅህ። አዎ፣ በጣም ይጠቅማል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ የተሠራ ጥናት አለ። ላይኛው ሆዳቸው ሊከፈት የነበሩ ከ400 በላይ ሰዎችን ለሁለት ከፈሏቸው። ለአንዱ ወገን የሚያስረዳ ወረቀት ብቻ ተሰጠ። ለሌላው ከወረቀቱ ሌላ ከኦፕራሲዮኑ በፊት አንድ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ያህል ፊዚዮቴራፒስት ተቀምጦ ለምን እንደሚተነፍሱና እንዴት እንደሚተነፍሱ አሳያቸው፣ አሠራቸው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሳምባው ችግር የገጠመው ከመጀመሪያዎቹ 27 በመቶ ነበር፣ ከሁለተኛዎቹ 12 በመቶ። መነጽር የለም፣ ኳስ የለም። አንድ ጊዜ ተቀምጦ ማስተማር ብቻ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ጀምሩ። ላይ የጻፍኩትን አንብብላት፣ ራስህ አጠገቧ ተቀምጠህ አብረሃት ሥራ። ትራስ አቅፎ ማሳሉንም አሁን ትልመደው፤ አሁን ስፌት ስለሌለ አያማትም፣ ከማደንዘዣ ስትነቃ ግን ሰውነቷ ያውቀዋል። በጀርባዋ እንደተኛች ቀጥ ብላ ሳይሆን ወደ ጎኗ ዞራ በእጇ እየገፋች ከአልጋ መነሳትም ትለማመድ። ማድ ቤት ጭስ ላይ የምትውል ከሆነ ካሁን ጀምሮ ሌላ ሰው ይተካት።

የመንዟ፦

የአንኮበሩ ልጅ፣ እናትህን እግዜር ይማራት። እሷ የምታውቀውን ነገር ፈልግላት፣ ባሕር አይሁን። እኛ ቤት አሁን በየሰዓቱ ስልኬ ሲጮኽ አባባ ራሳቸው «ነፋሱ መጣ» ብለው ቀና ይላሉ። ልጄም ጎናቸው ቁጭ ብሎ ይቆጥራል።